የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይቀዳል? ባሕር ዳር ላይ ላላችሁ

ቤታችሁ የሠርግ፣ የጥምቀት ወይም የምረቃ ቪዲዮ ካሴት ካለ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ተውሳችሁ ለማየት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ሃያና ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ካሴት ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጫወት ዋስትና የለውም። አንዳንዱ አንዴ ይጫወትና ያበቃለታል። ያ አንድ ጊዜ ታዲያ ኮምፒውተሩ እየቀዳ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ካሴቱ ይታያል፣ ዴኩ ይጸዳል፣ ኬብሉ ይሰካል፣ የመብራቱ ነገር ይታሰብበታል፣ ሁሉም በማያሳሳ ካሴት ይሞከራል፣ የእናትና የአባት ሠርግ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜም የለንም። ቪኤችኤስ ካሴትን የጃፓኑ ጄቪሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እስከ መጨረሻው ዴክ ሲያመርት የቆየው ፉናይ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቆመ። ስለዚህ አዲስ ዴክ ፈልጋችሁ አታገኙም። ያለው በየሰው ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ነው፤ እሱም ውስጡ ያለው ጎማ እየደረቀ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፣ እርጥበት። ክረምት ላይ ጣና ዳር ያለ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ ልብስ እንኳ ይሻግታል። ካሴትም ያው ነው።

ካሴቱ ምን ዓይነት ነው?

ትልቁ ጥቁር ካሴት ቪኤችኤስ ነው። አብዛኛው የሠርግ ቪዲዮ በእሱ ነው የተሰጠን። ከእሱ ያነሰ ግን ክሩ ተመሳሳይ የሆነ ቪኤችኤስ-ሲ የሚባል አለ። እሱ በትልቅ ካሴት ቅርጽ በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በማንኛውም ቪኤችኤስ ዴክ ይጫወታል። ቪዲዮ 8 እና ሃይ 8 የሚባሉት ትንንሾቹ ግን እንዲህ ዓይነት ማቀፊያ የላቸውም፤ «አለ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። እነሱን የሚያጫውተው የራሳቸው ካሜራ ነው። ሚኒ ዲቪ ደግሞ ከክብሪት ሣጥን ትንሽ ከፍ ትላለች፣ እሷ ላይ ያለው ዲጂታል ስለሆነ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቀጥሎ የምታዩት የምስሉ ሥርዓት ፓል ነው ወይስ ኤንቲኤስሲ የሚለውን ነው። የእኛ አገር ፓል ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ሲሆን 525 መስመርና በሰከንድ 30 ገደማ ምስል አለው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የልጁን ክርስትና ቀርጾ የላከው ካሴት ፓል ብቻ በሚያውቅ ዴክ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ አይታይም። ያኔ ካሴቱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት። የጎኑን ጽሑፍ እዩ። «ኢ-180» ካለ ለፓል አገር የተሸጠ የ180 ደቂቃ ካሴት ነው፣ «ቲ-120» ካለ ለኤንቲኤስሲ አገር የተሸጠ ነው። ይህ ካሴቱ የት እንደተገዛ ነው የሚነግራችሁ፤ የቀረጸው ካሜራ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ከዓረብ አገር ከመጡት ዴኮች ብዙዎቹ ሁለቱንም ያጫውታሉ፣ ስለዚህ ስትጠይቁ ከነሱ ጀምሩ። ከአሜሪካ የመጣ ዴክ ካገኛችሁ ግን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። 110 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ አድርጉ። ቪኤችኤስ ካሴት ጠርዙ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለችው። እሷ ካለች ካሴቱ ላይ እንደገና መቅረጽ ይቻላል፣ ከተሰበረች አይቻልም። ስበሯት። በዴኩ ላይ «ሬክ» የሚለው ቁልፍ በስህተት ቢነካ የአያታችሁ ምርቃት ጠፍቶ ባዶ ሰማያዊ ስክሪን ይቀራል። በትንንሾቹ ካሴቶች ላይ የሚንሸራተት ቁልፍ ነው ያለው፣ እሱን ወደ መቆለፊያው ግፉት።

ሻጋታ

ይህ ለባሕር ዳር ሰው ዋናው ነገር ነው። ካሴቱን መብራት ወዳለበት አምጡና በመስታወቷ በኩል የተጠቀለለውን ክር ከጎኑ እዩ። ጠቅላላው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ዱቄት፣ ነጭ ነጠብጣብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለበት ሻግቷል። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አይገባም። ከገባ ሻጋታው «ሄዱ» (ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነብበው የዴኩ ክፍል) ላይ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ የሚገባው ንጹሕ ካሴት ላይም ይሻገራል፣ ክሩም ሊጣበቅና ሊበጠስ ይችላል። የሻገቱትን ለይታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ስትነኩም ማስክ አድርጉ፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ውጭ በረንዳ ላይ ሥሩ።

ቀለል ያለ ሻጋታ ከደረቀ በኋላ ሊጸዳ ይችላል። ካሴቱን ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትወጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ብዙ ሰብስባችሁ ከእሷ ጋር በተከደነ ዕቃ ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ክሩ በሙቀት ይጣመማል። ሲደርቅ ሻጋታው ዱቄት ይሆናልና በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይነሣል። የቪኤችኤስ ካሴት ከኋላው አምስት ብሎን ነው ያለው፤ ተከፍቶ ሁለቱን ጥቅሎች አውጥቶ ንጹሕ ቅርፊት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ግን ከመክፈታችሁ በፊት የማትፈልጉትን ካሴት ከፍታችሁ ክሩ በየትኛው ዘንግ በኩል እንደሚያልፍ ፎቶ አንሱ። ሻጋታው ከባድ ከሆነና በካሴቱ ላይ ያለው ሌላ ቦታ የሌለ ከሆነ፣ እኔ እንደ እኔ እጄን አላስገባም፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ደርቆ እንዲቆይ ነው የማደርገው።

የተበጠሰ ክር ደግሞ ይቀጠላል። በተራ ስኮች ግን አይሆንም፤ ሙጫው ይቀልጥና ሄዱን ይሸፍነዋል። ለካሴት ክር መቀጠያ የተሠራ ቴፕ አለ፣ እሱ የሚለጠፈው በክሩ ጀርባ በኩል ነው። ካላገኛችሁ በሁለቱም በኩል ያለውን ለየብቻ በተለያየ ካሴት ቅርፊት ውስጥ ጠቅልሎ ሁለት ጊዜ መቅዳት የተሻለ ነው።

ዴኩ

ላፕቶፑ ስንት ብር እንደወጣበት ብዙም አይጠቅምም፣ ምስሉን የሚያወጣው ዴኩ ነው። ዘመድ ጋ ጠይቁ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ጋ ጠይቁ፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ጋ ጠይቁ። ሁለት ዴክ ካገኛችሁ ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንዱ ላይ የሚንቀጠቀጥ ካሴት ሌላው ላይ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ለዓመታት ቆሞ የነበረ ዴክ መጀመሪያ ላይ ክር መብላቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታስገቡት ማንም የማይፈልገውን፣ ድሮ ከቪዲዮ ቤት የቀረ የፊልም ካሴት ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አጠንጥኑት፣ አጫውቱት፣ አውጡት፤ ክሩ ተጨማትሮ ከወጣ ዴኩ ወደ ጠጋኝ ይሂድ።

ሄዱን ለማጽዳት ዴኩን ከሶኬት ንቀሉና ክዳኑን ክፈቱ። መሃል ላይ ዘመም ብሎ የተቀመጠ የሚያብለጨልጭ ሲሊንደር ታያላችሁ። ሄዶቹ ያሉት እሱ ላይ ነው። ክር የማያወጣ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክሩ፣ ጨርቁን ሲሊንደሩ ላይ በቀስታ አስደግፉና በሌላ እጃችሁ ከላይ በኩል ሲሊንደሩን አሽከርክሩት። ጨርቁ አይንቀሳቀስ፣ ከላይ ወደ ታች በፍጹም አይጥረግ። ሄዶቹ በጣም ቀጭን ናቸው፣ ይሰበራሉ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ደግሞ ይያዝባቸዋል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት፤ ከዚያ ከፍ ያለ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ካላገኛችሁም በደንብ እስኪደርቅ ሳትቸኩሉ ጠብቁ። አረቄም ሽቶም አይሆንም።

ገመዱና ኮምፒውተሩ

ከዴኩ ጀርባ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ አለ። ቢጫው ምስል፣ ሁለቱ ድምፅ ናቸው። አንዳንድ ዴክ ነጭ ብቻ አለው፣ ያ ማለት ድምፁ ሞኖ ነው፤ ችግር የለውም። ከዚያ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባው «ዩኤስቢ ቪዲዮ ካፕቸር» የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። በአንድ በኩል ሦስቱን ቀለማት ይቀበላል፣ በሌላው በኩል ዩኤስቢ ነው። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ቀላል ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ወደ ኤችዲኤምአይ ቀይሮ ከዚያ የሚያስገባ ዓይነት እንዳትገዙ። እሱ ምስሉን ጎትቶ ሰፊ ያደርገዋል፣ ሙሽራዋ ወፍራ ትወጣለች፣ እንቅስቃሴውም ይበላሻል።

ፕሮግራሙ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ይሁን። ነፃ ነው። ከፍታችሁ «ቪዲዮ ካፕቸር ዲቫይስ» ጨምሩና ዕቃውን ምረጡ፣ የቪዲዮውን ዓይነት ፓል አድርጉ፣ መጠኑን 720 በ576። ከዚያ በሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ የሚለው ላይ ሁለቱንም ልክ 768 በ576 አድርጉና ምስሉን ሙሉ ስክሪኑን እንዲሸፍን ዘርጉት። ለምን 768? የድሮ ቴሌቪዥን 4 ለ3 ነበር፣ በዚህ ልክ ሲሆን የሰው ፊት እንደ ፊት ይወጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር ላይ ደርሰናል። የድሮ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ ከፍሎ ነው የሚልከው፣ አንዱ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ መስመሮቹን። ኮምፒውተር ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያሳይ ሰው እስክስታ ሲወርድ ትከሻው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መስመር ይታያል። ለዚህ ኦቢኤስ ላይ ምስሉ ላይ በቀኝ ተጫኑና «ዲኢንተርሌሲንግ» ውስጥ «ያዲፍ 2ኤክስ» የሚለውን ምረጡ፣ የሰከንዱን ምስል ብዛት ደግሞ 50 አድርጉ። እንዲህ ሲሆን እንቅስቃሴው ልክ ድሮ በቴሌቪዥን እንደምናየው ለስላሳ ይሆናል። ሰው ሲራመድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ከመሰላችሁ እዚያው ላይ የመስመሩን ቅደም ተከተል ቀይሩ፤ «ቶፕ» ከሆነ «ቦተም»፣ «ቦተም» ከሆነ «ቶፕ»። በ25 ቀድተው እስክስታውን የሚያንቀጫቅጩት ስቱዲዮዎች ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም የእኛ ሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ግማሹ እስክስታ ነው።

የሚቀዳበት ፋይል «ኤምኬቪ» ይሁን። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ቢዘጋ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። ኤምፒ4 ከሆነ ሙሉው ላይከፈት ይችላል። ሲያልቅ ኦቢኤስ ራሱ ፋይል በሚለው ውስጥ «ሪመክስ» በሚለው ወደ ኤምፒ4 ይቀይረዋል፣ ጥራቱ አይነካም። ጥራቱን በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ሜጋቢት አድርጉት። በሰዓት ወደ 4 ጊጋባይት ይመጣል። የሦስት ሰዓት ሠርግ ከ12 ጊጋ ብዙም አያልፍም። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ፍላሹ ገና ብዙ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ከሆነ ፍላሹ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል በማይቀበል ዘዴ ነው የተዘጋጀው፤ «ኤክስፋት» በሚለው ፎርማት ይደረግ፣ ያኔ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ እያወቃችሁ።

በማያሳሳው ካሴት አምስት ደቂቃ ቅዱና መልሳችሁ እዩት። ድምፅ አለ? በሁለቱም ጆሮ ይሰማል? በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ኦቢኤስ ላይ በድምፅ ሴቲንግ «ሞኖ» የሚለውን ምልክት አድርጉ። የሚናገረው ሰው አፍና ድምፁ ይገጥማል? ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ድምፁና አፉ የሚለያዩ ከሆነ ካሴቱ እየተንቀጠቀጠ ምስል እየጠፋ ነው ማለት ነው። ለዚህ አንድ መላ አለ። ቢጫ ነጭ ቀይ መግቢያ ያለው የድሮ ዲቪዲ መቅረጫ ካገኛችሁ ከዴኩ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ላፕቶፕ አድርጉት። አንዳንዶቹ በውስጣቸው የሚንቀጠቀጠውን ምስል ያረጋጋሉ።

መብራት

ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዴኩ ግን የለውም። መብራት እልም ሲል ክሩ ሲሊንደሩ ላይ እንደተጠመጠመ ይቆማል። ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ዴኩን በዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ዴክ ብዙ ኃይል አይበላም፣ የኮምፒውተር ቤት ትንሿ ዩፒኤስ ትበቃዋለች፤ ቢያንስ በሰላም አቁሞ ካሴቱን ለማውጣት ጊዜ ትሰጣችኋለች። ዩፒኤስ ከሌለ ስታቢላይዘር። እሱም ከሌለ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ጠብቁ፤ እያንዳንዱ ሠፈር የራሱን ሰዓት ያውቃል። መብራቱ ጠፍቶ ካሴቱ ውስጥ ከቀረ በጉልበት አታውጡት።

ሥራውን ለበጋ አድርጉት፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ይሻላል። ከእርጥብ ወይም ከቀዝቃዛ ቦታ የመጣ ካሴት ደግሞ ወዲያው አይገባም፣ ዴኩ ባለበት ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

የመቅዳቱ ቀን

ካሴቱን አስገቡና ሳታጫውቱ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው አጠንጥኑት። ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላላል። የሚጮኽ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ቁም በሉት። ደህና ከሆነ ኦቢኤስ ላይ መቅዳት ጀምሩ፣ ቀጥሎ ዴኩን ፕሌይ አድርጉ። በዚህ ቅደም ተከተል። ላዩ ላይ ነጭ ግርፋት የሚሄድ ከሆነ ዴኩ ላይ ወይም ሪሞቱ ላይ «ትራኪንግ» የሚል አለ፣ ምስሉ እስኪጠራ ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ከስክሪኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችው ቀጭን የምትርገበገብ መስመር ግን የማትጠፋ ናት፣ ድሮም ነበረች፤ ቴሌቪዥኑ ጠርዙን ስለሚደብቅ ነው የማናያት።

አትቁረጡ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ካሜራማኑ ሙሽራው እስኪመጣ ሰልችቶት መንገዱን የቀረጸበት፣ ካሜራውን ሊዘጋ ረስቶ መሬት መሬት የሚያሳይበት፣ ሕፃናት ሌንሱ ላይ ፊታቸውን የሚያስጠጉበት፣ ሁሉም ይቀዳ። የሠርጉ ኬክ ከሌላው ሠርግ ኬክ ጋር አንድ ነው። መንገዱ ግን የለም። በድሮ ካሴት ላይ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ጢስ ዓባይ ሄደው ከሆነ፣ ከኋላቸው ያለው ውሃ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ፏፏቴ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሄዳችሁ የማታዩት ነው። ሐይቁ ዳር ከቆሙ እምቦጭ ያልነካው ጣና ነው ከኋላቸው ያለው። መኪናው ዓባይን ሲሻገር አዲሱ ድልድይ የለም፣ እሱ የተመረቀው ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ታንኳ ላይ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈው ሰው፣ ገበያው፣ የዘንባባው ጥላ፣ ይህ ሁሉ የሠርጉ ካሴት ውስጥ ተደብቆ አለ። «እሱን ዝለለው» የተባለው ቦታ ላይ ነው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው።

ሲቀዳ ደግሞ ትልልቆቹን ጠርታችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ። ቡና ይፈላ። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። «እትዬ፣ ይቺ ነጠላዋን ያጣፋችው ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት የት ነበር?» በሉ። እነሱ የሚያውቁትን ስም ከእነሱ በኋላ የሚነግራችሁ አይኖርም። ከዴኩ የሚገባው ድምፅ በገመድ ስለሆነ ወሬያችሁ ቪዲዮው ውስጥ አይገባም፣ የላፕቶፑ ማይክ ግን ኦቢኤስ ላይ መዘጋቱን እርግጠኛ ሁኑ።

ቀኑን አስተካክሉ

ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀን ከተጻፈ የፈረንጅ ቀን ነው፣ ያውም ካሜራው በትክክል ተሞልቶ ከሆነ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀነሳል። ለምሳሌ 1/19/97 የሚል ጥምቀት ጥር 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ካሜራው ከአሜሪካ ከሆነ ወሩ ይቀድማል፣ ከአውሮፓ ከሆነ ቀኑ። ሰዓቱም እንደዚያው፤ 10 ሰዓት ጠዋት ካለ በእኛ 4 ሰዓት ነው። ቀኑ ለሁሉም ካሴት 1/1 የሚል ከሆነ የካሜራው ቀን አልተሞላም፣ አትመኑት።

የፋይሉ ስም በዓመት ይጀምር፤ 1989-05-11 ጥምቀት ባሕር ዳር፣ በዚህ ዓይነት። 05 ያልኩት ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ነው። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ካሴቱ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍም ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው አስቀምጡ።

ሚኒ ዲቪ

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነው። ሚኒ ዲቪ ላይ ያለው ፋይል ስለሆነ በቢጫው ገመድ ማውጣት ማባከን ነው። ካሜራው ላይ «ፋየርዋየር» ወይም በሶኒ ካሜራ «አይሊንክ» የሚባል ትንሽ ቀዳዳ አለ። አዲስ ላፕቶፕ ይህ የለውም። የሚሻለው የድሮ ዴስክቶፕ ላይ የፋየርዋየር ካርድ መትከል ነው። «ዊን ዲቪ» የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለች፣ እንዳለ ትገለብጣለች። በሰዓት 13 ጊጋ ይይዛል። የሶኒ ዲጂታል 8 ካሜራ ካገኛችሁ ደግሞ ከሞዴሎቹ አንዳንዶቹ የድሮውን ቪዲዮ 8 እና ሃይ 8 ካሴትም በዚሁ ቀዳዳ ያወጣሉ።

ለስቱዲዮ ከሰጣችሁ

ሁሉም ሰው ይህን ራሱ ይሥራ አልልም። ከተማ ውስጥ የሚሠሩ የፎቶና የቪዲዮ ቤቶች አሉ። ስትሰጡ ግን የምትፈልጉትን ዘርዝራችሁ ተናገሩ፤ ያልተቆረጠ ሙሉ ፋይል፣ በራሳችሁ ፍላሽ፣ 4 ለ3፣ በሰከንድ 50 ምስል፣ ልብና አበባ የሚያወርድ ጌጥ ሳይጨመርበት፣ አዲስ ዘፈን ሳይለጠፍበት። ዲቪዲ ላይ ብቻ አትቀበሉ። ከዚህ በፊት ወደ ቪሲዲ ያስገለበጣችሁትም ካላችሁ ካሴቱ እስካለ ድረስ እንደገና ከካሴቱ ይቀዳ፤ የፓል ቪሲዲ 352 በ288 ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ፊት «እናሳምራለን» የሚሉ የኤአይ ፕሮግራሞች መጥተዋል። የሚያወጡት የአያታችሁን ፊት ሳይሆን ፕሮግራሙ የገመተውን ፊት ነው። ዋናው ፋይል ላይ አይነካ።

ለዘመድ ማካፈል

ዋናውን ፋይል ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ላፕቶፕ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ። ለመላክ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቅጂ ይዘጋጃል። «ሃንድብሬክ» ነፃ ነው። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ብታደርጉት አንድ ሰዓት ከድምፁ ጋር ወደ 730 ሜጋባይት ይሆናል፣ ሁለት ሰዓቱ ከቴሌግራም የ2 ጊጋ ገደብ በታች ይቀራል። ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ላኩት እንጂ እንደ ቪዲዮ አትላኩት፣ አለዚያ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል።

ዩቲዩብ ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ ለመጫን መጀመሪያ ስልካችሁን አረጋግጡ። ከዚያ «አንሊስትድ» አድርጉት፤ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ ያየዋል። ከመጫናችሁ በፊት ሃንድብሬክ ላይ 1440 በ1080 አሳድጉት። ዝርዝር አይጨምርም፣ ግን ዩቲዩብ ለትልቅ ምስል ብዙ ዳታ ስለሚመድብ ብልሽቱ ይቀንሳል። ከበስተጀርባ የሚሰማው የዘፋኝ ዘፈን ባለቤትነት ሊጠየቅበት ይችላል፤ ድምፁ ሊዘጋ ወይም ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይም አንድ ይኑር። መጫኑን ሌሊት አድርጉት፣ ኔትወርኩም ፓኬጁም የተሻለ ነው።

ሊንኩን ከመበተናችሁ በፊት ግን አስቡ። በሠርጉ ላይ የታየ ጥንድ ዛሬ ተፋትቶ ይሆናል። ያለቀሰች እናት ለቅሶዋ እንዲታይ አትፈልግ ይሆናል። የቀብርና የለቅሶ ካሴት የቤተሰቡ ነው፣ በይፋ አይለቀቅ። የደሴት ገዳም ውስጥ የተቀረጸ ካለ ደግሞ ገዳሙ ለመቅረጽ ፈቅዶ ነበር ማለት ለዓለም ፈቀደ ማለት አይደለም። ቤተሰቡን ጠይቁ፤ «አይለቅ» ካሉ አይለቅ፣ ዋናው ፋይል እኮ የትም አይሄድም።

የተቀዳውን ካሴት አትጣሉት። ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ፣ በራሱ ሣጥን ውስጥ ጎኑን አቁማችሁ፣ ከስፒከርና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት አርቃችሁ፣ እርጥበት መጣጯን አስገብታችሁ አስቀምጡት። ዴኩንም ለሚቀጥለው ጎረቤት አውሱ። ከማዋሳችሁ በፊት ግን ሄዱን አጽዱት፣ የእሱም ካሴት ሻጋታ እንደሌለበት አብራችሁ እዩለት።